በትንሿ ትራክተር ለምትቆፍሩ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን ጎንደር፣ አዘዞ የውኃ መስመር ሲቆፈር ቆሜ አየሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። ግን ትንሿን ትራክተር፣ ከኋላዋ መቆፈሪያ ክንድ ያላትን፣ እንደ ትልቅ ስካቫተር ያሠራታል። ባኬቱን (የክንዷን መዛቂያ) ዋልካው ውስጥ ጥልቅ አድርጎ ይሰካና ይጎትታል፤ አፈሩ አልላቀቅ ሲለው ትራክተሯ ራሷ ወደ ጉድጓዱ ትሳባለች። አላስችለኝ አለና ይህን ጻፍኩ።

ዋልካችንን ታውቁታላችሁ። በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፣ በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል። በጉልበት አይሆንም። ስስ ስስ አድርጋችሁ ላጡት፣ ባኬቱ ባይሞላም ግድ የለም። መጀመሪያ ትራክተሯን ደግፈው የሚያቆሟት ሁለቱ የኋላ እግሮች መሬቱን በደንብ ይርገጡ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ አፈሩን በላይኛው በኩል ድፉ፤ በታችኛው በኩል ከደፋችሁ ክብደቱ ይዟችሁ ይገለበጣል።

የመገጣጠሚያዎቹ ግሪስ በየ8 ወይም በየ10 የሥራ ሰዓቱ ነው፣ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ነው የምሰጠው። አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ እስኪያወጣው ድረስ ስጡ። ከዚያ የወጣውን ጥቁር ግሪስ በጣታችሁ አሹት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት የመገጣጠሚያው ፒን ወይም ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ እየተበላ ነው፣ ቶሎ ለመካኒክ አሳዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ አንዱ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ዘይት በከፍተኛ ግፊት የሚያልፍበት፣ ዘይት አወዛ። ሞተሩ እየሠራ ቀዳዳውን በእጄ ልዳብስ ስል አለቃዬ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ካርቶን ቀዶ አስጠጋው። በዓይን ምንም አይታይም ነበር፣ ካርቶኑ ላይ ግን ቀጭን የዘይት መስመር ተሰመረ። እጄ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ቆዳዬን በስቶ ይገባ ነበር። ላዩ የመርፌ ውጊት ይመስላል፣ ውስጡን ግን ያበላሻል፤ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ እስከ ነገ አይባልም። ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊትም ባኬቱን መሬት አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ውስጥ የቀረው ግፊት እንዲወጣ ማንሻዎቹን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ።

አዘዞ ያየሁህ ልጅ፣ ይህን ካነበብከው፣ የግራው እግር ቱቦ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ተልጧል፤ ሽቦው ይታያል። ነገ ሥራ ሳትጀምር ቀይረው።