አጥንት በመረቅ አይጠገንም

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከዘጌ ነው። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፣ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እየተሻገሩ እጥበት ያደርጋሉ። አሁን አሁን ሌሊት ጭናቸውንና ወገባቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ገላቸውን ሲያኩ ያድራሉ። ሐኪሙ «ደምዎ ላይ ብግነት ይታያል፣ አጥንትዎም ሳስቷል» አላቸው፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። እናቴ ከሥጋ ቤት አጥንት እያስመጣች መረቅ ታጠጣቸዋለች። ወንድሜ ካልሲየም ኪኒን ልግዛ ይላል። ሲብስባቸው ደግሞ ዲክሎፌናክ ይውጣሉ። ልክ ነን ወይ?
የአባቷ ልጅ፣ ከዘጌ

መልስ፦ እህቴ፣ ልፋታችሁ ይገባኛል። መረቁን ግን ዛሬውኑ አቁሙት። እኔም ልጅ ሆኜ እግሬን የተሰበርኩ ጊዜ እናቴ በመረቅ ነው ያሳደረችኝ፣ ስለዚህ እናትሽ ላይ አልፈርድም። የኔ ኩላሊት ግን ይሠራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ፎስፈረስን (ከምግብ የሚገባ ማዕድን ነው) በሽንት ያስወጣል። ቫይታሚን ዲንም የመጨረሻውን ቅርጽ አስይዞ ለሥራ የሚያበቃው በዋናነት እሱ ነው (ስለዚህ ፀሐይ መሞቅ ብቻውን አባትሽን አያድናቸውም)። ኩላሊት ሲቆም ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ደግሞ ከምግብ እንደ ድሮው አይገባም። ይሄኔ አንገት ውስጥ ያሉት፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉት አራቱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች «ካልሲየም ጎደለ» ብለው ሆርሞን ይረጫሉ፣ ሆርሞኑም ካልሲየሙን ከአጥንት እየቆረሰ ወደ ደም ያመጣዋል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ካልሲየም «ደህና» ተብሎ ቢጻፍ እንዳትዘናጉ፤ ከአጥንት ተሰርቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማሳከኩም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

አጥንትና ሥጋ ብዙ ሰዓት ሲፈላ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ወደ ውሃው ይወጣል። እና አባትሽ ኩላሊታቸው ማስወጣት ያቃተውን በኩባያ እየጠጡት ነው ማለት ነው። ገልብጡት፦ ሥጋውን ቀቅሉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ሥጋውን ይብሉ።

አንድ ሒሳብ ላሳይሽ። በጣም ተጠንቅቀው በቀን 800 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ቢበሉና 60 በመቶው ወደ ደም ቢገባ፣ በሳምንት ወደ 3,360 ይሆናል። የአራት ሰዓት እጥበት በአንድ ጊዜ ከ600 እስከ 1,000 ቢያወጣ ነው። ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ በአማካይ 1,600 እንበል። ግማሹ እንኳ አልወጣም! በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን ይሻል ነበር፣ ኪስ ግን ይወስናል። የተረፈውን የሚይዘው ከምግብ ጋር የሚወሰደው፣ ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ አስሮ የሚያስቀር መድኃኒት ነው። ከምግብ ጋር የምትለዋን አስምሪባት። ወንድምሽ ሊገዛው የፈለገው ካልሲየም ካርቦኔት ራሱ ለዚህ ይታዘዛል፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ፎስፈረሱን ያስራል፤ በባዶ ሆድ ሲሆን ግን ካልሲየሙ ደም ውስጥ ገብቶ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ሊጋገር ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ሐኪም ይወስን፣ በግምት አይገዛ።

ዓሣ ይከልከሉ አላልኩም። እጥበት ላይ ያለ ሰው እንዲያውም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ቆሮሶ ሲጠበስ ግን ሥጋውን ይብሉ፣ ያቺን ቀጭን አጥንትና ክንፍ ኩርሽም የማድረግ ልማድ (ባሕር ዳር ውስጥ የማይወዳት የለም) ይተዉአት። ዋናው ጠላት ኮላ ነው። ውስጡ የተጨመረው ፎስፈረስ አብዛኛው በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፣ የሽሮና የባቄላው ግን ብዙው ሳይገባ ያልፋል።

አሁን ወደ ብግነቱ። ብግነት ማለት ሰውነት የማይታይ ጠላት ጋር ሌት ተቀን ሲዋጋ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚለቀቁት ኬሚካሎች አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች ያበረታታሉ፣ የሚገነቡትን ያደክማሉ። ደም ማነስንም ያባብሳሉ። ሲአርፒ የሚባለው ምርመራ ብግነት መኖሩን እንጂ ቦታውን አይነግርም፣ ፍለጋው የእናንተና የሐኪሙ ነው። አባትሽን አፍዎን ይክፈቱ በያቸው። ድዳቸው ይደማል? የበሰበሰ ጥርስ አለ? እግራቸው ላይ ያልዳነ ቁስል፣ አንገታቸው ላይ የቆየ የእጥበት ቱቦስ? ብዙ ሰው ልቡን ሲያስመረምር ይከርምና ጥርሱን ይረሳል።

ዲክሎፌናኩን አቁሙ። ይህን ዓይነቱን ብግነት አያድንም፣ የቀረቻቸውን ጥቂት ሽንት ሊያደርቅ ይችላል። እጥበት ላይ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፣ ከሱ ጋር ጨጓራን ማድማቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጨጓራ ሲያቃጥል ደግሞ የሚጠጣው ነጭ ሽሮፕ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም አለበት፣ እሱም በተራው አጥንት ውስጥ ይከማቻል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፣ መጠኑን ጠይቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ፎስፈረስ፣ ካልሲየም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ (የአጥንትን መታደስ የሚጠቁም ምርመራ) እና ፒቲኤች (የዕጢዎቹ ሆርሞን) ይታዩ በሉ። ፒቲኤች «ከፍተኛ» ተብሎ ቢመጣ አትደንግጡ፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ከጤነኛው የላይኛ ወሰን ከሁለት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ድረስ ተቀባይነት አለው። በጣም ዝቅ ማለቱም ጥሩ አይደለም፣ አጥንቱ መታደሱን አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእጥበት በኋላ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጀልባ ላይ ሲወጡ አንድ እግር ድንጋዩ ላይ አንዱ ጀልባው ላይ ሆኖ የሚወዛወዙባት ቅጽበት አለች። ክንዳቸውን ያዢ፣ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ እንዲመች ክንድ ላይ በቀዶ ጥገና የተያያዘ የደም ሥር) ካላቸው በሌላኛው ክንድ። ከወደቁና መቆም ካቃታቸው ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ራጅ።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። ሰባት ወር ሙሉ በአንገቴ ቱቦ ነው የምታጠበው። ክንድህ ላይ ፊስቱላ እናሠራ ይሉኛል፣ ቀዶ ጥገና ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህን አልንቅም። ያ ቱቦ ግን ለጀርም ክፍት በር ነው፣ ብግነቱንም ይመግባል። ፊስቱላ የራስህ ደም ሥር ነው። ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ ክንድህን ብቻ አደንዝዘው የሚሠሩት ነው፣ ግን ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚፈልግ አታዘግየው። እስከዚያ ቱቦውን ውሃ አታስነካው፣ እጥበት ላይ ብርድ ብርድ ካለህና ካንቀጠቀጠህ እዚያው ተናገር፤ ቤት ከገባህ በኋላ ቢጀምርህም በዚያው ቀን ተመለስ።