ተደግሞ ቢታይ የማያስቆጭ ፊልም

ጥያቄ፦ ጅማ ሂርማታ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ደጋግመን ብናየው የማይሰለች የአገራችን ፊልም ጠቁሙኝ። በፍላሽ አስገልብጬ የማመጣው ፊልምም አንዳንዱ ቲቪው ላይ ምስል እንጂ ድምፅ የለውም።

መልስ፦ ከኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ይጀምሩ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 140 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። ጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰው የአንበርብር ታሪክ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ስለሚተረክ መጀመሪያ ሲያዩት ግር ይላል። እግሩን እንዴት እንዳጣ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ያን ካወቁ በኋላ ሲደግሙት፣ መግቢያው ላይ የተበታተኑ የመሰሉት ምስሎች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። በመጀመሪያው ዙር ሳያቋርጡ ይዩት፤ ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ግን እያቆሙ ቢያወሩበት ይሻላል። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። የዚያው ዳይሬክተር «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዝግ ይላል፤ ትዕግሥት ላለው ብቻ።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የታሸገበትን ዲቲኤስ የተባለ ፎርማት ብዙ ቲቪዎች አያነቡም። ሲያስገለብጡ ድምፁ ብዙ ቲቪዎች በሚያነቡት ኤኤሲ በተባለ ፎርማት የሆነውን ቅጂ ይጠይቁ፣ ወይም ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኝተው ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ያጫውቱ። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ከተደረገ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ሞልቷል» የሚያሰኘው ይኸው ነው።