ግሪን ቲ እየጠጣሁ የግፊት ኪኒኔን ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ47 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአራት ወር በፊት ግፊቴ 160/100 ሆኖ ስለተገኘ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በየቀኑ እንድወስድ ታዞልኝ ነበር። ጎረቤቶቼ «ኪኒን አንዴ ከተጀመረ አይለቅም፣ ኩላሊትም ይጎዳል» ሲሉኝ ትቼው፣ ላለፉት ሁለት ወራት ጠዋትና ማታ ግሪን ቲ እየጠጣሁ ነው። ራሴን አሞኝ አያውቅም። እናቴም ግፊት ነበረባት፤ ራሷን ባመማት ቀን ኪኒኗን ትውጥ ነበር፣ በመጨረሻ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ አረፈች። ግሪን ቲው በደንብ እንዲሠራልኝ እንዴት ላፍላው? በቀንስ ስንት ሲኒ ልጠጣ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፉልኝ ስለ ሻይ ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት የእናትዎ ነገር እንደሆነ ደብዳቤዎ ይናገራል። ከጻፉልኝ እንደምረዳው እናትዎን የጎዳቸው ኪኒኑ ሳይሆን፣ ኪኒኑ ባልተዋጠባቸው ቀናት ሁሉ ከፍ ብሎ የከረመው ግፊት ነው። የእናትዎ ዕጣ የእርስዎም ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ መድኃኒታቸውን በየቀኑ እየወሰዱ የልጅ ልጅ ያቀፉ ብዙ ሰዎች አሉ።

«ራሴን አሞኝ አያውቅም» ያሉትን ግን እንዲሁ ላልፈው አልችልም። ከአንኮበር በኩል ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ አንድ ጎልማሳ አስታውሳለሁ። ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ከጓደኛው ጋር እየሳቀ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ገብቶ ግፊቱ ሲለካ 190/110 ሆነ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎን በሌላኛው ክንዱ ብንደግመውም ያው ነበር። ሰውየው ግን «እኔን ያመመኝ ጥርሴ ነው» ብሎ ተቆጣን። የግፊት ጠባዩ እንዲህ ነው፤ የልብን፣ የኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። በአንጻሩ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሌላ ምክንያት ነው፤ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሲጨነቁ፣ ወይም የለመዱት የጠዋት ቡና በጾም ምክንያት ሲቀርብዎት ራስዎን ሊያምዎት ይችላል። ያን ቀን ግፊት የተነሳ መስሏቸው አንዲት ኪኒን የሚውጡ አሉ፤ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲተዋቸው ምስጋናው ለኪኒኗ ይሆንና እስከሚቀጥለው ራስ ምታት ድረስ ኪኒኑ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። እናትዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሁን በዚያው ሚዛን ራስዎን እየመዘኑ ነው። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒት አቁሞ አንድ ቀን እንኳ ሳይለኩ መክረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ምክንያት የለውም።

ኩላሊትን በተመለከተ የሰሙት የተገለበጠ ነው፤ ኩላሊትን ከሚያደክሙ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ያልታከመ ግፊት ነው። አምሎዲፒን ሱስ አያስይዝም። ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ በሌላ መድኃኒት ይቀይርልዎታል።

ግሪን ቲው አይጎዳዎትም፣ ይጠጡት። ቅጠሉ ከዉሽዉሽ ከሚመጣው ጥቁር ሻይ ጋር የአንድ ዓይነት ተክል ነው፤ ልዩነቱ እንደተቀጠፈ ሳይጠቁር በእሳት ወይም በእንፋሎት መሞቁ ነው፤ በዚህም ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሳይለወጡ ይቀራሉ። በየቀኑ ሲጠጣ ግፊትን በአማካይ በሁለት ነጥብ ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ጥናቶች ያሳያሉ፤ የእርስዎ 160 ወደ 158 ወረደ ማለት ነው።

አሠራሩን ከጠየቁኝ፣ እንደ ጥቁሩ ሻይ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር እሳት ላይ አያንተክትኩት፤ ይመራል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለግሪን ቲ ደግሞ 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን ካወረዱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አብርደው፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምረው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ከድነው ያጥልሉት። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ በቂ ነው። ከቡና ያነሰ ቢሆንም ካፌይን ስላለው የማታውን ወደ ከሰዓት ያምጡት። ከምግብ ጋርም አያያይዙት፤ በተለይ በጾም፣ ብረት የምናገኘው ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን ብቻ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሻዩ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚይዘው ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። «የግሪን ቲ ጭማቂ» እየተባለ በእንክብል የሚሸጠውን ግን አይንኩት፤ መጠኑ ሲበዛ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 አስጠንቅቋል።

ነገ ጠዋት ቡናም ሻይም ሳይጠጡ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አምስት ደቂቃ አርፈው ይለኩ፤ ኪኒኑን ማቆምዎንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። በመካከሉ ድንገት አፍዎ ከተጣመመ፣ አንድ እጅዎ ከዛለ ወይም ምላስዎ ከተሳሰረ፣ ጠበልም ሻይም ሳይሉ፣ ይተወኝ ይሆን ብለውም ሳይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ። የተረፈውን የኪኒን ቅጠል አይጣሉት፤ ስንት እንደወሰዱ ሐኪሙ ቆጥሮ እንዲያውቅ ይዘውት ይሂዱ።