ኮምፕሬሰሩን ሳትቀይር ይሄን አንብብ

ወንድሜ ጥያቄህን ሳይ የኔን መኪና የጻፍክ ነው የመሰለኝ። ያገለገለች መርሴዲስ ኤምኤል 350 ገዝተህ፣ በሞላ ፋንታ አየር በተነፋ ፊኛ ላይ የምትቆመዋን፣ ማታ ቀጥ ብላ ቆማ ጠዋት ፊቷ ወርዶ የምታገኛት፣ ጋራዥ ደግሞ "ኮምፕሬሰር (ፊኛውን የሚነፋው ሞተር) ነው ቀይር" ያሉህ። እባክህ እንዳትቀይር፣ ቢያንስ ነገ እንዳትቀይር!

እኔም ከአዲስ አበባ ነው የገዛሁት። የቡና ብር እጄ ላይ ነበር፣ ደላላው "ዶክተር ነው የነዳት" ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ጊቤን ወርጄ ወጥቼ ጅማ እስክገባ እንደ ሶፋ ነበረች። በሳምንቱ ጠዋት ስወጣ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ደርሷል፣ የሰፈር ባጃጅ ሾፌሮች "ጋሼ መኪናዋ ሰገደች" እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።

1. ማታ ሜዳ ቦታ አቁመህ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው በሜትር ለካ፣ አራቱንም ጻፍ። ጠዋት በር ሳትከፍት ድጋሚ ለካ። የወረደው ጎን ነው ጉዱ ያለበት።

2. ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን አቃጠለው? አየር የሚይዘው ፊኛ ሲያፈስ ኮምፕሬሰሩ ያለ እረፍት ይነፋል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ይሄን ማንም አልነገረኝም። 45 ሺህ ከፍዬ አስቀየርኩ፣ ወር ከምናምን ሄደና አዲሱም ተቃጠለ። ይዤው አዲስ አበባ ሄድኩ፣ የሸጠልኝ ልጅ ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳን ሳይል "ከተገጠመ አይመለስም" አለኝ። ከጅማ ነው የመጣሁት ስለው "ታዲያ ምን ላድርግህ" አለኝ። እኔ ሞኙ ሌላ ገዝቼ ተመለስኩ፣ በሁለቱ 90 ሺህ ማለት ነው፣ ማረፊያና ነዳጅ ሳይቆጠር።

3. ጉዱን ያገኘው ማን መሰለህ፣ ጎሚስታ! ጎማ ላስነፋ ቆሜ ሲያያት "ጋሼ ይቺ እኮ ፓንክ ናት" ብሎ ሳቀ፣ ላርጎ በውሃ በጥብጦ የፊት ግራውን ፊኛ ቀባው፣ እጥፋቱ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ኮምፒውተር ሰክተው ብር የተቀበሉኝ ሁሉ ያላዩትን በሳሙና! (እንዲህ ስትፈትሽ ከስር አትግባ፣ አየሩ ከወጣ ትወርድብሃለች።) ፊኛው ደህና ከሆነ ቱቦውንና ቫልቩን ቀቡት። ፊኛው ጎማ ስለሆነ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ሰልባጅ አትግዛ። ሪሌዩንም (ኮምፕሬሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) አብረህ ቀይር፣ ተጣብቆ ከቀረ ኮምፕሬሰሩ አይጠፋም። "ፊኛውን አውጥተህ ሞላ አስገባና ተገላገል" የሚሉህም አሉ፣ ይሰራል፣ ግን ዳሽቦርዱ ሲጮህብህ ሊኖር ነው፣ ስትሸጣትም ገዢ ይጠይቅሃል። እኔ አላደረግኩትም፣ ፊኛውን ቀየርኩና ይኸው ዓመት ሆናት ቀጥ ብላ ታድራለች።

መኪናዋን የሸጠልህን መክሰስ ይቻላል ወይ ላልከው፣ ውልህን አውጣና "አይቼ ፈትሼ ወድጄ" የሚል ካለ ተዘጋጅ። ጠበቃ እንዳስረዳኝ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ስለ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፣ አውቆ ከደበቀህም ያ ቃል አያድነውም፣ ማስረዳቱ ግን ያንተ ሥራ ነው። ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቅክ ቶሎ ልታሳውቀው ይገባል፣ ካሳወቅክ በኋላ ለመክሰስ ያለህ አንድ ዓመት ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ ኮምፕሬሰር ስቀያይር መኪናዋን ለሸጠልኝ ሰው አንድ መስመር አልጻፍኩለትም፣ ስደውል "አዲስ ናት ብዬሃለሁ እንዴ" ብሎ ዘጋብኝ። አንተ ዛሬውኑ በጽሑፍ ላክለት፣ ኮፒውን ያዝ።

ጎሚስታው እዚህ ጅማ ከአጂፕ ወረድ ብሎ ነው፣ ጠዋት ለክተህ የትኛው ጎን እንደወረደ ጻፍልኝና አብረን እንሄዳለን።