የትብብር ደብዳቤ የተጠያቂዋን ፈቃድ አይተካም

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምማር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ መንዝ ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሴቶችን ቃለ መጠይቅ ላደርግ ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ብሄድ አንድ ኃላፊ «እኔ ባለሁበት ጠይቅ፤ ስትጨርስም የስም ዝርዝሩን ትሰጠኛለህ» አለኝ። አብዛኞቹ ሴቶች ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝርዝሩን አይስጡ፤ ኃላፊው ባለበትም አይጠይቁ። ደብዳቤው ቀበሌው ውስጥ ለመሥራት ያስችልዎታል እንጂ በማንኛዋም ሴት ስም እሺ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ባለሥልጣናት የግል ሕይወትን እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያስገድዳል፤ መብቱም የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃላፊውን በአክብሮት «ጥያቄዎን በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ለዩኒቨርሲቲው ላቅርበው» ይበሉት።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ በነፃነት፣ ለታወቀ ዓላማና ጉዳዩ ከተብራራ በኋላ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የማዳበሪያና የሴፍቲኔት ጉዳይዋ በእጁ ያለ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የምትሰጠው «እሺ» ነፃ አይደለም።

የፈቃድ ቅጹን ተጠያቂዋ በምትናገረው አማርኛ ያንብቡላት፤ የገባትን በራሷ አባባል መልሳ ትንገርዎ። በተለምዶ ማንበብ የሚችል፣ እሷ የመረጠችው ምስክር ባለበት በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ በዚህ ርእስ አሻራ ያረፈበት ወረቀት ባሏ እጅ ቢገባ ሊያስደበድባት ይችላል። ስለዚህ መስክ ሳይወጡ፣ ስሟ ሳይጠራ በኮድ በሚመዘገብ የቃል ፈቃድ ለመሥራት የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስፈቅዱ። ቤቷም ምንም ወረቀት አይተዉ። ድምፅ ለመቅዳት ለብቻው ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ለዚህ ጥናት አያስፈልግም፤ ይቅር። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ የአሳዳጊ ፈቃድና የራሷም እሺታ ያስፈልጋል፤ ተጠርጣሪው አሳዳጊው ራሱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮሚቴውን ያማክሩ።

ተመራማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ስምን በመለወጥ ብቻ ምስጢር የጠበቁ ሲመስላቸው ነው። «ወይዘሮ ሀ፣ 34 ዓመቷ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ» ብለው የቀበሌውን ስም ቢጽፉ አካባቢው ወዲያው ያውቃታል፤ ቀበሌው ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ጥቂት ናቸውና። ቀበሌውን አይጥቀሱ፤ ወረዳውም ቢቀር ይመረጣል። ዕድሜን «ከ30 እስከ 39»፣ ሥራን «የመንግሥት ሠራተኛ» ይበሉ። ስምና ኮድ የሚያገናኘውን ወረቀት ከድምፅ ቅጂዎቹ ለይተው ይቆልፉ። ቅጂውን ለሚጽፍልዎ ሰው በቴሌግራም አይላኩ፤ በይለፍ ቃል በተዘጋ ፍላሽ በእጅ ይስጡ፤ እሱም የምስጢር ጥበቃ ግዴታ ይፈርም።

«ለማንም አይደርስም» ብለው ቃል አይግቡ፤ አማካሪዎ ይሰማዋል፣ ፍርድ ቤትም በትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል። «ስምሽ ጽሑፉ ላይ አይወጣም፤ የሚሰሙት እነ እገሌ ናቸው» ብለው በትክክል ይንገሯት። ሐሳቧን ብትለውጥ ቃሏን እስከ መቼ ማውጣት እንደምትችል፣ ቀኑንና የምትደውልበትን ቁጥር ሳይነግሯት መቅጃውን አይክፈቱ።