ከእንጀራው አንድ ፌርማታ ራቅ ብሎ

ከአንባቢዎች የደረሱኝ ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አብሬ አውጥቻቸዋለሁ። ሦስቱም ለሥራ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሚዛወሩ ተመሳሳይ ጾታ ስለሚያፈቅሩ ልጆቻችን ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በአቅማችን፣ በሰላም የምንኖርበት ሰፈር የት ነው? ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው። ቤተስዳ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ መጀመር አለብኝ። በእኛ በልጆቹ አነጋገር «ዜጋ» ነኝ፤ ጌይ ማለቴ ነው። ከፍቅረኛዬ ጋር አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ እሱ እዚሁ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሥራ እስኪያገኝ በእኔ ደሞዝ ስለምንኖር ለኪራይ ከ2000 ዶላር በላይ አንችልም። ሰው ሁሉ «ሲልቨር ስፕሪንግ ግባ፣ ሐበሻ ሞልቷል» ይለኛል። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ እሱው ነው። እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ሐበሻ ቤት ቤዝመንት በ1100 አገኝልሃለሁ ብሎኛል። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ አታውቅም። ሌላው ደግሞ፣ እኔ ዘመድ ሲመጣ እንዳላፍር ባለ ሁለት መኝታ ይሁን እላለሁ፤ እሱ «ለማንተኛበት አልጋ ለምን እንከፍላለን?» ይለኛል። የት ብንገባ ይሻለናል?
ግራ የገባው፣ ከኮሎምበስ

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ለሥራው አበቃህ። ከቤዝመንቱ ልጀምር። ተወው። 1100 ዶላር እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ግን ተወው።

ለምን እንደምልህ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ሁለት ሴት ልጆችን አንዲት የማውቃት ሴት ቤዝመንት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። «ጓደኛሞች ናቸው» ብዬ። ውል የለም፣ ወረቀት የለም፣ በቃል ነው። በሦስተኛው ወር ሴትየዋ ነገሩ ገባት። በጃንዋሪ ብርድ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነሻንጣቸው በሬ ላይ አገኘኋቸው። ሴትየዋ ክፉ ሰው ሆና አልነበረም፤ በእምነቷ፣ በሰው ፊት እታያለሁ በሚል ፍርሃት ነው ያደረገችው። ግን ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ያስገባኋቸው እኔ ነበርኩ፣ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሕጉም እዚህ ላይ ክፍተት አለው። ሜሪላንድ በሚያፈቅሩት ሰው ጾታ ምክንያት ቤት መከልከልን ከ2001 ጀምሮ ከልክላለች፤ በ2014 ደግሞ የጾታ ማንነትን ጨመረችበት። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ክፍል ሲያከራይ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከዚህ ክልከላ ነፃ ያወጣዋል። ባለቤቱ የሚኖርበት እስከ አምስት የኪራይ ቤት ያለው ትንሽ ሕንፃም እንዲሁ። ባለቤቱ ፎቅ ላይ፣ አንተ ታች ማለት ይኸው ነው። ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ በኩባንያ የሚተዳደር አፓርትመንት ብትገባ ግን ሕጉ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነው። የሁለታችሁም ስም ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ይግባ። ይህን አደራ እልሃለሁ፤ አንዳችሁ ብትታመሙ ወይም ብትጣሉ ሌላው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ።

ኦሃዮ እንዲህ ያለ ሕግ በክፍለ ግዛት ደረጃ የላትም፤ ኮሎምበስ በከተማ ደንቧ ነው የምትጠብቅህ። ስለዚህ እዚህ ስትመጣ ከበፊቱ የተሻለ መሬት ላይ ትቆማለህ። የፌዴራሉ ጥበቃ አስተዳደር በተቀያየረ ቁጥር ይወዛወዛል። የክፍለ ግዛቱ ግን በወጣበት ጸንቷል። ጋብቻን ደግሞ የሜሪላንድ ሕዝብ ራሱ በ2012 በድምፁ ነው ያጸደቀው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነው። ጎረቤቶችህ ወጥተው መርጠውልሃል ማለት ነው። እኔ ይህን ከፍርድ ቤት ውሳኔ በላይ አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ ሰፈሩ። ቤተስዳ ራሷ በ2000 ዶላር ለሁለት ሰው አትሆንም፤ አትድከም። ባቡሩን ተመልከት። የሜትሮ ቀዩ መስመር ቅርጹ «ሀ» ፊደልን ይመስላል፤ አንዱ እግሩ ወደ ቤተስዳ፣ ሌላው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቶ ታች ዲሲ መሐል ይገናኛል። ስለዚህ በካርታ ቅርብ የሚመስለው በባቡር ዞሮ ነው የሚደርሰው። እኔ ላንተ የምመርጠው ታኮማ ፓርክን ነው። ታኮማ የሚባለው ጣቢያ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስተህ ባቡር ሳትቀይር ቤተስዳ ያለው ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ለመድረስ 40 ደቂቃ አካባቢ ይወስድሃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤተስዳ ቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስም አለ። ፐርፕል ላይን የሚሉት አዲስ ባቡር ሁለቱን በቀጥታ ያገናኛል ተብሎ ግንባታው በ2017 ተጀምሯል። «ባቡሩ ሲከፈት» እያለ ዋጋ የሚሰቅልብህ አከራይ ካለ ግን አትስማው፤ ዛሬ ባለው መንገድ አስላ።

ታኮማ ፓርክ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወደ 17 ሺህ ሰው ቢኖርባት ነው። የኪራይ ጭማሪን በሕግ መገደብ የጀመረችው በ1981 ነው፤ ዓመታዊ ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ላንተ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በ1700 ገብተህ በሁለተኛው ዓመት 2100 አምጣ አይሉህም። ከ2007 እስከ 2015 ከተማዋን የመራው ከንቲባ ብሩስ ዊሊያምስ ጌይ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ሰው ነበር። ፍቅረኛህ ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ዜግነት ገና ካላገኘህም በከተማዋ ምርጫ መምረጥ ትችላለህ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይፈቅዳሉ። ያማሩት ቤቶች ውድ ናቸው፤ እነሱን አትይ። አሮጌዎቹን የጡብ አፓርትመንቶች እይ። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ማቀዝቀዣው ያረጀ ነው፣ ግን ባለ አንድ መኝታ ከ2000 በታች ይገኛል።

እዚያ ካጣህ ሃያትስቪልና ማውንት ሬኒየርን ሞክር። ማውንት ሬኒየር ከዲሲ ድንበር ጥግ ናት፤ ሃያትስቪልም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። አርቲስቶች የሰፈሩባቸው፣ ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት አብረው ሲኖሩ ማንም የማይገረምባቸው ሰፈሮች ናቸው። ችግራቸው መንገዱ ነው፤ በአረንጓዴው መስመር መጥተህ ፎርት ቶተን ላይ ትቀይራለህ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብሃል። በክረምት፣ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ አንድ ሰዓት ረጅም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከወሰንክም አይከፋም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከ23 ዓመት በላይ በሆናቸው ሕንፃዎች ላይ ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ገድቧል። ስለዚህ ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቅ። አዲሱ መዋኛ ያለው ሕንፃ ከዚህ ገደብ ውጭ ነው። ዲፖዚት የሚሉት የመያዣ ገንዘብም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ሁለት ወር የሚጠይቅህ ካለ ሕጉን አስታውሰው።

ስለ ሐበሻው ልንገርህ። እዚህ አገር ከሐበሻ ርቆ መደበቅ የሚባል ነገር የለም። መኪና የምታቆምበት ጋራዥ ውስጥ ትኬት የሚሰጥህ ሐበሻ ነው፣ ኡበሩ ሐበሻ ነው፣ ፋርማሲው ሐበሻ ነው። ግሪንቤልት ብትገባ እንኳን አንድ ቀን «ይቅርታ፣ ሐበሻ ነህ?» ትባላለህ። ግን በየቀኑ ደረጃ ላይ መገናኘትና በሳምንት አንዴ እንጀራ ሲገዙ መገናኘት አንድ አይደሉም። ከጆርጂያ አቬኑና ከፌንተን ጎዳና ምግብ ቤቶች አንድ ፌርማታ ራቅ በል የምልህ ለዚህ ነው። እንጀራውንም፣ ቡናውንም ስትፈልግ ትሄዳለህ፤ ስትጨርስ ቤትህ ትገባለህ። ፍርሃትህን አላቃልለውም። አገር ቤት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ እናትህን ለማየት መመላለስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ተራ ሐሜት አይደለም። ለማን፣ መቼ እንደምትናገር የምትወስነው አንተ ነህ። የአክስትህ ልጅም፣ ቤት አከራይም ሊወስንልህ አይገባም።

ሁለተኛው መኝታ ቤት ላይ ግን ከፍቅረኛህ ጋር ነኝ። የእናትህ ቪዛ ወጥቷል? አልጻፍክልኝም፣ ስለዚህ አልወጣም ብዬ ልገምት። ገና ላልመጣ እንግዳ በየወሩ ብዙ መቶ ዶላር ትከፍላለህ፣ ያ ብር እሱ ሥራ እስኪያገኝ መጠባበቂያችሁ ነው። ደግሞም እሱ ያንን ባዶ አልጋ በየቀኑ እያየ ምን እንደሚሰማው አስብ። አራት ዓመት አብሮህ ኖሯል። «ዴን» የምትባል ትንሽ ትርፍ ክፍል ያላት ባለ አንድ መኝታ ካገኘህ ሶፋ አልጋ ይገባባታል። ቪዛው የወጣ ቀን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ።

ከመፈረምህ በፊት አንድ ቅዳሜ ሁለታችሁም ሂዱና ሰፈሩን በእግር ዙሩ፣ ማምሻውንም ተመለሱ። መስኮት ላይ የተሰቀለ የቀስተ ደመና ባንዲራ ደስ ይላል፣ ግን አከራዩን አይገልጽልህም። ቢሮ ገብተህ «እኔና ፍቅረኛዬ ነን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን» በል። የሚመልሱልህን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውን እይ። «አሁን ተይዟል» ካሉህና ማስታወቂያው ሳምንት ሙሉ ካልወረደ፣ ቀኑንና የተባለውን ጻፍ። ለሜሪላንድ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በአንድ ዓመት ውስጥ አቤት ማለት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን አሉ። አሌክሳንድሪያ፣ ሴሚናሪ መንገድ አጠገብ 18 ዓመት ኖሬአለሁ። ነርስ የሆነችው ልጄ ከሚኒያፖሊስ ወደዚህ ተቀጥራ ልትመጣ ነው፤ ከባለቤቷ ጋር። ባለቤቷ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ስትነግረኝ ብዙ አለቀስኩ። አሁን ግን እንድትቀርበኝ እፈልጋለሁ። የኔ ሕንፃ ግን ሐበሻ ብቻ ነው፣ እንዳይጎዷት እፈራለሁ። የት ላስገባት?
እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። «እንድትቀርበኝ እፈልጋለሁ» ያሏትን ቃል መጀመሪያ ለልጅዎ ይንገሯት፤ ቤት ከመፈለግዎ በፊት።

ቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ጀምሮ በቤትም በሥራም እንዲህ ዓይነቱን አድልዎ በሕግ ከልክላለች፤ ጋብቻቸውም እዚያ ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ ይታወቃል። አንድ ጉድለት አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የኪራይ ጭማሪ ገደብ የለም። ስለዚህ ውሉ ሲታደስ እንዳይደነግጡ ከገቢያቸው ትንሽ ዝቅ ያለ ኪራይ ይምረጡ። እኔ አርሊንግተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክን እንዲያዩ እመክራለሁ። ከእርስዎ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ አውቶቡሱ ወደ ፔንታጎን ጣቢያ ይወስዳል፣ ሰፈሩም የሁሉም አገር ሰው የተቀላቀለበት ነው። ሐበሻም አለ፣ ግን ሕንፃው ሁሉ ሐበሻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ገቢ እየታየ በዝቅተኛ ዋጋ የሚከራዩ ቤቶች አሉ፤ የነርስ ደሞዝ ሊያልፍ ስለሚችል ካውንቲውን ይጠይቁ፣ ሳይጠይቁ አይለፉት።

ለእርስዎ ደግሞ ፒፍላግ የሚባል የወላጆች ማኅበር አለ፣ በ1973 የተጀመረ ነው። በዲሲ አካባቢ ቅርንጫፍ አለው። ገብተው ዝም ብለው መስማት ይችላሉ። ብቻዎን ያለቀሱት ይበቃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ሥራ አገኘሁ። ሌዝቢያን ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ብር የለኝም። ባልቲሞር ብኖር ሞኝነት ነው?
ከአትላንታ

መልስ፦ አይደለም። የባልቲሞር ኪራይ ከዲሲ በብዙ ይቀንሳል፣ ሕጉም ያው የሜሪላንድ ሕግ ነው። ማውንት ቨርነን የሚባለው ሰፈር ከድሮ ጀምሮ የጌዮችና የሌዝቢያኖች ሰፈር ሆኖ የታወቀ ነው። ከዚያ በእግርሽ ፔን ስቴሽን የሚባለው ባቡር ጣቢያ ትደርሺያለሽ፤ ማርክ የሚባለው ባቡር ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ ሥራሽ በር ላይ ያወርድሻል። ቅዳሜና እሑድ ባቡሩ ስለሚቀንስ የሥራ ፈረቃሽን አስቀድመሽ እወቂ። የወር ቲኬቱንም ኪራዩ ላይ ደምሪና አስሊ፤ ብዙ ቀጣሪዎች ከፊሉን ስለሚከፍሉ ሥራውን ስትቀበዪ ያኔውኑ ጠይቂ። ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ዓመት ሊዝ ግቢና መንገዱ ከከበደሽ ትቀይሪያለሽ።