መልስ፦ ደቡብ አፍሪካ ሀብታም ሆና ጥቁሩ ለምን አላለፈለትም?

ወንድሜ፣ «አፓርታይድ ካበቃ 30 ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ለምን?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ከመሬቱ ነው የምጀምረው። በ1913 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የወጣው ሕግ ለጥቁሮች ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ብቻ መደበ። በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ አለ ተባለ። በ1950 ደግሞ ከተሞቹ በዘር ተሸነሸኑ፤ ጥቁሩ ከሥራ ቦታው ርቆ ሰፈረ።

ኢኮኖሚው ግን ያኔም ቆሞ አልነበረም። በ1960ዎቹ ጥሩ አድርጎ አድጓል። የወርቅ ማዕድኑ ርካሽ ጉልበት ይፈልግ ነበር፤ በ1953 የወጣው የትምህርት ሕግም የጥቁሩን ልጅ ለዚያው ነበር የሚያዘጋጀው።

አሁን ጆሃንስበርግ ብትሄድ ሳንድተንና አሌክሳንድራን በአንድ አውራ ጎዳና ማዶ ለማዶ ታያቸዋለህ። ወዲህ የአክሲዮን ገበያውና የመስታወት ሕንፃዎቹ፣ ወዲያ ተደጋግፈው የቆሙ የቆርቆሮ ቤቶች። ከ1994 በኋላ መንግሥት ብዙ ቤት ሠርቷል፤ መብራትም አስገብቷል። ችግሩ፣ አብዛኛው ቤት የተሠራው መሬት በሚረክስበት በከተማ ዳር ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ዛሬም በጠዋት ተነስቶ ሚኒባስ ይጋፋል፤ ከደመወዙ ቀላል የማይባለው ለትራንስፖርት ይሄዳል። ሥራ ያገኘው ማለቴ ነው፤ ሥራ አጡ ከ30 በመቶ በላይ ነው።

ሁሉንም በአፓርታይድ ማሳበብ ግን አይሆንም። ሙስናውና የመብራት መቆራረጡ የኋለኞቹ ባለሥልጣናት ሥራ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ 5 በመቶ ደርሶ የነበረው ዕድገትም ከዚያ ወዲህ እንደተኛ ነው።